ሰረዝ

ሐይቁ ጎድሏል፤ ኮምፒውተሩ ግን ሞልቷል፤
«ቦታ የለኝም» ብሎ ከማለዳ ጀምሮ ለግሟል።
ከባሕር ዳር ወደብ ጥግ፣ እምቦጭ ደጃፏን በዘጋባት፣
አንዲት መስኮት ባላት ቢሮ፣ ደንገል በሚሸትባት፣
የጋሽ ቁምላቸውን መዝገብ ላጠፋ ተቀመጥኩባት።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውሃ ሲለካ የኖረ ሰው
የፋይሉን ስም በጎደለው ነበር የሚጀምረው፦
ሦስት ሴንቲ ሲሸሽ፣ «-3 መጋቢት ጧት»፤
ዘጠኝ ሲወርድ፣ «-9 ታንኳው ጭቃ ላይ ቀረ፣ ምን ይሻላል?»
ከነጥያቄ ምልክት።

«አጥፋ» ብዬ ጻፍኩ፤ ስሙን አስከተልኩ።
«ሰረዝ ሦስት የሚሉት ትእዛዝ አላውቅም» አለኝ። ደገምኩ።
ሰረዝ ካየ ስም አይታየውም፣ የታዘዘ ይመስለዋል።
ሰረዝን መሰረዝ እንዲህ ያዳግታል?

አልፈረድኩበትም። የኛስ ስም ትእዛዝ አይደል?
ዓሣ ተራ ላይ «ቁምላቸው!» ብዬ ስጣራ
ቆሮሶ ያንጠለጠለ ሁሉ ቆሞ ያየኝ ነበር በተራ።
ደምስስ የሚሉት ጎረቤቴ ዝንብ አይነካም፤
ልጁ አትርሳው ደብተሩን ሳይረሳ ትምህርት ቤት ሄዶ አያውቅም።

ከፖሊ ለልምምድ የመጣችው ይታይሽ ከኋላዬ ቆማ አየች፤
«ስሙን ከመጥራትህ በፊት ያለበትን ንገረው» አለች።
«ነጥብ፣ እዝባር። እዚሁ፣ ከዚሁ ቤት፣ ማለት ነው።
ያኔ ሰረዙም ስም ይሆናል።
ክፍተት ያለውን በጥቅስ እቀፈው።
ኮከቧን ግን አደራ፣ ብቻዋን እንዳትለቃት፣
የሰው የሐይቅ አትልም፣ ጠራርጋ ነው የምትወስዳት።»

ለካስ እንደ ሰው ነው።
የሽምብጡ ደምስስ ስንል ማን ማንን ይደመስሳል?

ነጥብ፣ እዝባር፣ ሰረዝ ሦስት። ሄደ።
ሰረዝ ዘጠኝ፣ ከነታንኳው፣ ከነጭቃው። ሄደ።
ሲሳካለት ምንም አይልም፤ ዝም ነው።

በመጨረሻ አንድ ቀረ፤ ፊደሉን ያረጀው ማሽን በልቶት
ስሙ አምስት ጥያቄ ምልክት ብቻ።
ቆጠርኩ። «ቁምላቸው» አምስት ፊደል ነው።
«አጥፋልኝ»ም አምስት ነው።
«አታጥፋው»ም።

«ስም ያልተነበበለት ቁጥር አለው» አለች ይታይሽ፤
ፈልጋ በቁጥሩ ጠራችው።
«ይጥፋ?» አለ። አዎ አልኩ።
እሷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች።

ማምሻውን ወርጄ የመለኪያውን እንጨት አነበብኩ፤
ከትናንቱ ሁለት ሴንቲ ሸሽቷል።
ተመልሼ አዲስ ፋይል ከፈትኩ፤
እጄ፣ ሳላዝዘው፣ ሰረዝ ጻፈ።