የባሕር ጓዳ

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ሲገባ ሲወጣ፣
«ባሕር አሳያችኋለሁ፣ ደሞዜ ሲመጣ»
ይል ነበር አባቴ፣ ሃራዳን ጸሐፊው፣
በኮልካታ ፖስታ ቤት ማኅተም መቺው።
ደሞዙም ሲመጣ፣ ከደጃፍ ጠብቆ
ባለሱቅ ይወስዳል፣ ከእጁ ላይ ነጥቆ።

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው እሁድ፣
ሌሊት ቀሰቀሰን፣ «ተነሱ እንሂድ!»
እናቴ ኒሩፖማ፣ ውሃ የምትፈራ፣
ኩሬ እንኳ ስታልፍ፣ ስም የምትጠራ፣
የተጠበሰ ድንች በጨርቅ ቋጠረች፣
«እኔ እንደሆንኩ ዳር ነው የምቀመጠው» እያለች።
ከጣቢያው ጀምሮ ታናሼ ባፖን
ነፍቶ አጥልቆታል የዋና ጎማውን፤
ቢጫ ዳክዬ ነው፤ ማለፍ የፈለገ
መንቁሩን በክርኑ ወደ ጎን አደረገ።

ከባላሶር ወርደን፣ በባጃጅ ታጭቀን፣
ቻንዲፑር ደረስን፣ ጨው ጨው እየሸተተን፤
ሻይ ቤቱን አለፍን፣ ዛፎቹን አለፍን፤
አባባ ቀደመ፣ «ይኸው!» አለ፤
እጁ ተዘርግቶ እንደተሰቀለ
ቀረ።

ባሕር የለም።

ጭቃ ነው፣ አሸዋ፤ እስከ ሰማይ ድረስ
የተጨማደደ፣ እንደታደረበት ልብስ፤
ጀልባዎች በጎን ወድቀው፣ የሰከሩ መስለው፤
ሁለት ውሾች ሲሯሯጡ፣ ባሕሩ መሆን ካለበት መሀል ላይ ናቸው።
አባባ ኪሱን ዳበሰ፣
እንደተሰረቀ ሰው።

ሱካንቲ ትባላለች፣ ሸርጣን የምትለቅም፤
ቅርጫቷን ሳታወርድ፣ ለእኛ ብላ ሳትቆም፣
(ኦድያኛዋን ግማሽ ሰማን፣ ግማሹን ከእጇ)
«ወጥቷል» አለችን፣ ስለ ባሏ እንደምታወራ፤
«በቀን ሁለቴ ይሄዳል፣ ማንንም ሳይፈራ፤
አሥር ተኩል ግድም ተመልሶ ይመጣል፤
ዕዳ እንኳ የለበት! ምን ያሯሩጠዋል?»

የእኛ ባቡር ደግሞ ዘጠኝ ተኩል ነው።

ማንም አልተናገረ። ያኔ ነው እናቴ
ጫማዋን ያወለቀችው።
በሕይወቴ
ቁርጭምጭሚቷን በፀሐይ አይቼው አላውቅም።
ሳሪዋን ሰበሰበች፤ ዳር አልቆመችም።

ባፖን በዳክዬው ተከትሏት ሮጠ፤
በደረቁ ባሕር ላይ ዋና አቀለጠ።
አንድ ሰው በብስክሌት አለፈን ደውሎ፣
ጓሮውን እንደሚያቋርጥ፣ መረቡን ኮርቻ ላይ ጠቅልሎ።
ቀያይ ሸርጣኖች፣ ኮቴ ሲሰማቸው፣
እንደፈሰሰ በርበሬ ተበትነው፣ ጉድጓድ ዋጣቸው።
አንድ የበር ቁልፍ አገኘን፤ አንድ እግር ጫማ፣ የግራ።
እናቴ አራገፈችው፣
በጉብታ ላይ አቅንታ አስቀመጠችው፤
«ሲመጣ ይፈልገዋል» አለች።

ድንቹን የበላነው፣ ሱካንቲ እንዳለችን፣
ማታ ሁለት ቁመት ውሃ ከሚተኛበት ነው።
አባባ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፣ ሱሪውን ጠቅልሎ፤
«ይቅርታ» አለ፣ ቀስ ብሎ።
ለማን እንደሆነ አልገባንም።
እማማ አጎረሰችው።
ሌላ አልተነጋገሩም።

ስንመለስ ዞር ብዬ አየሁ፤
ከሰማዩ ግርጌ የብር ክር የመሰለ ነገር፤
ውሃ ይሁን ሙቀት፣ እንጃ።
ባጃጁ ጡሩንባ ነፋ።

ጎረቤት ሼፋሊ ደጃፍ ላይ ጠብቃ፣
«ባሕሩስ እንዴት ነው?» አለች፣ ከእኛ ቀድማ ስቃ።
እናቴ ከቀሚሷ ጠርዝ ጭቃውን እያራገፈች፣
«ቤት አልነበረም» አለች፤
«አልነበረም፤ ግን ምን ቀረብኝ?
ሰው ከሳሎን ይመለሳል፤ እኔ ጓዳውን አየሁለት።»

አባባ ግን እስከ ዛሬ፣ ጠዋት ጠዋት፣
ከጋዜጣው ጥግ የማዕበሉን ሰዓት
በጣቱ እየተከተለ ያነባል፣
የሚመጣ ደሞዝ ያለው ይመስል።