ሰሌዳው ሥር

ሠላሳ አንድ ዓመት ሩበን ክላሰን
የከተማው ማጨጃ ላይ ተቀምጦ፣
የሀዲዱን ጥግ፣ የኤሪ ሐይቅን ዳርቻ
እንደ ምልምል ወታደር ራስ አስተካክሎ ቆርጦ፣
ማታ ቤቱ ይገባል፤ ጫማው አረንጓዴ፣
መዳፉ ተጣባቂ፣ ነጭ ደም የነካው፣
ቀን ከጣለው አረም፣
ወተት ከሚያነባው።

ደንብ ነው።
ከስንዝር ያለፈ ሣር ቅጣት አለበት፤
በየማዕዘኑ ሰሌዳ ቆሟል፣
ማዘጋጃ ቤቱ ማኅተም ያተመበት።

ወይዘሮ ቲሰን ብቻ አሻፈረኝ አለች፤
ቅጣቷን ከፍላ፣ ግቢዋን ደግማ አሳደገች።
«ሩበን፣ የዚች የብርቱካን ክንፍ ልጅ
ሌላ ቅጠል አይቀምስም፤ ይኸው ነው መሶቡ።
ሜክሲኮ የሚደርሰው ይህን በልቶ ነው፤
ጉሮሮው ላይ ነው የቆምከው።»
ሳቀ። የቀረውን ሞተሩ ዋጠው።

በነሐሴ አንድ ጧት የሰሌዳውን እግር
ሊያጸዳ ሲያጎነብስ፣
«ማጨድ ግዴታ ነው» ከሚለው ፊደል ሥር
ተንጠልጥላ አያት፦
የጣት አንጓ የምታህል አረንጓዴ ከረጢት፣
አንጥረኛ ያልነካው የወርቅ ነጥብ ያለባት።

ሞተሩን አጠፋ።
ለካ ጸጥታው ውስጥ ንብ ነበር፣
ሠላሳ አንድ ዓመት ያልሰማው።

ስብሰባው ረዘመ። ስለ አይጥ፣ ስለ እባብ፣
ስለ ቤት ዋጋ ተወራ።
ሩበን ንግግር አያውቅም፤ ቆብ እያሻሸ ቆመ፦
«ደንባችን ሥር ነው ያደረችው፤
ማንበብ ስለማትችል አልፈራችም» አለ።
አምስት ለአራት ተቆጠረ።

እስከ መስከረም የሀዲዱ ዳር አይነካም።
ሩበን ጧት ጧት ይመጣል፤ እጁ መሪ ያጣ።
ባዶ ቀፎዋ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ
በሐይቁ ነፋስ ይወዛወዛል።
ስትወጣ አላያትም።
ለወይዘሮ ቲሰን ግን
«አይቻለሁ» ብሏታል።