የቆርቆሮው ሒሳብ

አርባ አምስት ዲግሪ ነው፣ ከቀትር በኋላ፤
ሴቪያ ጸጥ ብላለች፣ ርግብ እንኳ አጥታለች የምታርፍበት ጥላ።
ሐምሌ ነው ይሉታል። እኔ የማውቀው ሐምሌ ጭቃ፣
የነሱ ሐምሌ ግን ከእሳት የወጣ የሸክላ ዕቃ።

አለቃዬ ደወለ፦ "ከወንዙ ማዶ፣ ቁጥር አሥራ አራት፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የለም፣ ሴትዮዋ እየጠበቀች ናት።"
ጋዙን በትከሻዬ፣ መፍቻዬን በጥርሴ፣
ደረጃው ሲያልቅ አብራ አለቀች የቀረችኝ ነፍሴ።

ኤንካርና ትባላለች፤ ሰማንያ ሞልቷታል ዕድሜዋ፣
እርጥብ ፎጣ ጣል አድርጋለች ከትከሻዋ።
"ይነፋል እንጂ አይበርድም" አለች፣ "እንደ ባሌ፣ ነፍሱን ይማር፤
ድምፁ ቤት ይሞላል እንጂ ሥራው መች ይታይ ነበር!"

ሽፋኑን ፈታሁት። ማጣሪያው ላይ የአራት ዓመት አቧራ፣
የድመት ፀጉር፣ የደረቀች ትንኝ፣
ከካናሪ የወደቀ ላባ፣ ቢጫው ገና የሚያበራ።
አጠብኩት። ጋዙን ለካሁ፤ ጎድሏል።
መገጣጠሚያው ላይ ሳሙና ቀባሁ፣ አረፋ አወጣ፦ እዚህ ጋ ቆስሏል።
አጠበቅኩ፣ ሞላሁ፣ አስነሳሁ።
ኤንካርና መዳፏን ዘርግታ ቆመች፣ ጠበል እንደሚጠብቅ፣
ዐይኗን ጨፍና፣ ሳትናገር፣ ሳትስቅ።

እዚህ ላይ የሙያዬን ምስጢር ልናገር፦
እኔ ብርድ አልሠራም። ብርድ የሚሠራ የለም በዚህ ምድር።
ሙቀት ነው የማጓጉዘው፤ ከሳሎን አንሥቼ ውጭ እጥላለሁ፣
የማን ደጅ እንደሆነ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሳላይ እሄዳለሁ።

ያን ቀን አየሁ።

የውጪውን ሞተር ላይ ብዬ ጣሪያው ላይ ብወጣ፣
ስምንት ሞተር በተርታ ያንኮራፋል፣ ከየቤቱ የመጣ፣
አፉ ሁሉ ወደ አንዲት ጠባብ መስኮት። ከመስኮቷ ጀርባ ሰው አለ፣
አልጋውን ትቶ፣ እርጥብ አንሶላ ለብሶ፣ ወለል ላይ የዋለ።

"ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፣ ሂኔስ እባላለሁ" አለ፣
"ሌሊት ከምድጃው ፊት፣ ቀን ከናንተ ፊት።"
አላማረረም፤ እንዲያው ሰዓት ተጠይቆ እንደሚነግር ሰው ነበር ያወራልኝ ያንን ሕይወት።
ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናዬ ድረስ ወርጄ ቁራጭ ቆርቆሮ አመጣሁ።
ቆረጥኩት፣ አጠፍኩት፣ በአራት ብሎን አሰርኩት፤ እጄን ተቃጠልኩ፣ አማጠብኩ፣ ተቆጣሁ፣
ግን የኤንካርና ሞተር ትንፋሹን ሽቅብ ተፋ።
የሰባቱ? የሰባቱን አልነካሁም። አልጠሩኝማ፤ እኔስ በየሰው ንብረት ምን ልግባ፣ ምን ልጥፋ?

ሒሳቡ ላይ "ቆርቆሮ፦ ነፃ" ብዬ ጻፍኩ። ኤንካርና መነጽሯን አደረገች፣
"ቆርቆሮ ለብርድ ምን ይሠራል?" ብላ ጠየቀች።
ነገርኳት። ዝም አለች። ኋላ ሪሞቱን አንሥታ አሥራ ስምንት የነበረውን
ሃያ አምስት አደረገች፤ እኔም ያላየሁ መስዬ ዘጋሁ የመፍቻ ሣጥኔን።

ጥር ላይ ደግሞ ደወለች፦ "አሁን ደግሞ አይሞቅም!"
ያው ማሽን ነው፣ ያው ቧንቧ፤ አንዲት ቫልቭ ከመዞሯ በቀር የተለወጠ ነገር የለም፦
በሐምሌ ያባረረውን በጥር ደጅ ወጥቶ ይለምናል፤
ማሽን ሆኖ ነው እንጂ ሰው ቢሆን ያፍራል።

ጣሪያው ላይ ሂኔስ ወጣ፣ ቅንድቡ ላይ ዱቄት፣ ፊቱ ያበጠ።
"ይሄ ቆርቆሮህ ንፋስ ሲመታው እንቅልፍ ነሳኝ፣ ንቀልልኝ" አለኝ።
ምስጋና ጠብቄ ነበር፤ ሳቅ አመለጠኝ።

ነቀልኩት። አራቱን ብሎን መዳፉ ላይ አኖርኩ፣
"ሰኔ ሲገባ ደውልልኝ፣ እኔ እረሳለሁ" አልኩ።
ቆርቆሮውን ከወንበሬ ሥር ከተትኩት።
እስካሁን በየመታጠፊያው ይንኳኳል።