አገር ምረጥ

ዊኒፔግ፣ በጥር፤ ሠላሳ አንድ ከዜሮ በታች።
ማሞቂያዋ ከጥግ ሆና አንዴ ጮኸች፣ አንዴ አቃሰተች።
ሃያ ሁለት ልጆች፣ አሥራ ዘጠኝ ኮምፒውተር፤
የተረፉት ተዳብለዋል፣ ወንበር ተጠግቶ ለወንበር።
ጆመር ጓንቱን ሳያወልቅ ፊደል ይለቅማል በጣቱ፣
ዝላታ ለድመቷ ገጽ ሠርታ፣ ሮዝ ነው ከግርጌ እስከ አናቱ፤
ጉርኖር ጠቋሚው ሲቀርባት የምትሸሽ አዝራር ሠርቶ፣
«እስቲ ይያዟት ቲቸር» ይለኛል፣ በሳቅ አንገቱን ደፍቶ።
አላሳደድኳትም አልልም።

የአኩዌይ ገጽ ትናንት ነጭ ሆኖ ዋለ፣ እንደ ውጪው በረዶ፤
መስመር በመስመር ሄድንበት፣ ዓይን ቀልቶ፣ ትዕግሥት ነድዶ፤
ለካ አንዲት ቅንፍ ናት፣ የሚዘጋላት ሰው አጥታ፣
የኋላዋን መስመር ሁሉ የዋጠችው አፏን ከፍታ።
«በር የከፈተ ይዝጋ» አልኩ፤ ብርድ የሚያውቁ ልጆች ናቸው፣
ከመጽሐፉ ምዕራፍ ሁሉ ይኼ አንዱ ቶሎ ገባቸው።

እኔ ይህን የተማርኩት ኮምፒውተር በሌለበት ክፍል ነው፤
ከጥቁር ሰሌዳ ላይ ኮዱን በደብተር ገልብጠነው።
አቶ ይመኑ፣ ቀይ እስክሪብቶ ከጆሯቸው ሰክተው፣
«ማሽኑ ቢኖር እንዲህ ይል ነበር» ይሉናል፣ ወረቀቱን እንደ ሰው ሰምተው።

ኢንተርኔት እንዴት ነው የሚሠራው? ሲሉኝ ሥዕሉን ተውኩና፣
እንደ እንቆቅልሽ ነው አልኳቸው፣ ከልጅነቴ ተበደርኩና።
ስልክህ «እንቆቅልህ» ይላል፤ ሩቅ ያለ ማሽን «ምን አውቅልህ»፤
ካወቀ መልሱን ይልካል፣ ሥዕል ከነፊደሉ ይዘረጋልህ፤
ካላወቀ «አራት መቶ አራት» ብሎ፣ በቁጥር አፍሮ ይቀራል።
«እኛ ዘንድ ግን» አልኩ፣ «መልስ ያጣ አገር ይሰጣል፤
ጠያቂው ካልወደዳት፣ ሌላ አምጣ ይላል።»
«እንዲያ ከሆነ» አለ ጆመር፣ «ማኒላን ስንቴ ባስረከብኳት!»

የዛሬው ሥራ ቅጽ ነው፤ ስም፣ ኢሜይል፣ ቀጥሎ አገር፤
የአገሮቹን ዝርዝር እኔ ነኝ የሰጠኋቸው፣ በፊደል ቅደም ተከተል ሲደረደር፤
ሁለት መቶ ሊሞላ ጥቂት የቀረው፣ ወደ ታች የሚንከባለል፣
አንዱ ካልተመረጠ በቀር «ላክ» የሚለው እሺ የማይል።

ኬያ ስፔንስ ከኋላ ወንበር፣ ዝርዝሩን ወረደች፣ ወጣች፤
እንደገና ወረደች። ከዚያ እጇን አነሣች።
«ቲቸር፣ የኔ ሕዝብ እዚህ ውስጥ የለም።
አኒሺናቤ ነን። ሄደን አናውቅም፣ አልመጣንም።
ካናዳን ብነካ ውሸት አይሆንም፤
ግን ያ ብቻ አይደለም።»

ምን ልበላት? እንቆቅልሹን ያመጣሁ እኔ፣ መልስ ያጣሁ እኔ፣
«አገር ስጠኝ» የምትል እሷ፤ የት አለና ከእኔ?
እንኳን ልሰጣት፣
የቆምኩባት ራሷ የእሷ ናት።

እሷ ግን አልጠበቀችኝም። ዝርዝሬን ከላይ እስከ ታች አጠቆረች፣
አንድ ቁልፍ ተጫነች፤ ዓለም በሙሉ ከገጹ ወጣች።
በቦታው ባዶ ሳጥን ሠራች፣ ከላዩ አንዲት መስመር ብቻ፦
«ከየት ነህ? እንዳሻህ ጻፍ።» ይኼው ነው፤ ሌላ የለም ማስታወሻ።

ዓርብ ዕለት ተራ ገብተን ሞከርነው።
ዝላታ የመንገዷን ስም ጻፈች፣ የቤት ቁጥሩን ሳትተው፤
ጆመር «ከአሥራ ስምንት ቁጥር አውቶቡስ፣ ከኋላ መቀመጫ» አለ፤
ጉርኖር ያቺን የምትሸሽ አዝራሩን አስገብቶ ሁሉን አስተጓጎለ።
አኩዌይ ብዙ ቆየ። ምንም አልጻፈም። «ላክ» አለው፤ ሄደ።
ኬያ ባዶውንም እንዲቀበል አድርጋዋለች፤
ያንን እኔ አላስተማርኳትም።

ማታ ላርም ኮዷን ስከፍት አንዲት መዝጊያ ጎድላለች፤
ግማሽ ነጥብ ቀነስኩ፤ ሕግ ሕግ ነው።
ሰኞ ጠዋት፣ ኮቷን ሳታወልቅ፣ በረዶው ከጫማዋ ሳይረግፍ፣
ከጠረጴዛዬ ፊት ቆመች። «ይሠራል እኮ።»
«ይሠራል» አልኩ፤
ቀይ እስክሪብቶውን ከጆሮዬ እያወረድኩ።