ቀጭ

ዊኒፔግ ከተማ፣ ከምድር በታች ቤት፣
ድምፅ ሻጭ ነኝ እኔ ላልተሰማ ሕይወት።
አጥንት ሲሰበር ጥሬ ካሮት እሰብራለሁ፣
በረዶ ሲረገጥ የበቆሎ ዱቄት እጨምቃለሁ፣
ፖሊስ ሽጉጥ ሲያነሣ
አሮጌ መቀርቀሪያ ቀጭ አደርጋለሁ።
ቢያነሣ ቀጭ፣ ቢያዞር ቀጭ፣
ቆሞ ቢያስብ እንኳ ቀጭ።
ከአክስቴ ከሉሲል ጓዳ በር የነቀልኩት፣
ሦስት መቶ ወንበዴ ያንበረከክሁበት።

ማክሰኞ ከሰዓት አማካሪ መጣች፣
ዶሪን ክሊምቹክ፣ ጡረታ የወጣች፣
ሃያ ስድስት ዓመት ፖሊስ የነበረች።
ኮቷን ሳታወልቅ ወንበር ሳበች፣
ግራ ጆሮዋን ወደ እኔ አዞረች።
ቀኙ አይሰማም። ለምን እንደሆነ አልነገረች።

ስክሪኑ ላይ መርማሪው በሩን በእግሩ መታ፣
ሽጉጡን ከጉንጩ፣ ጣቱን ከቃታ፣
ፎቶ እንደሚነሣ ሙሽራ ቀና ብሎ በዝግታ
አቀባበለ።
እኔም በሰዓቱ፦ ቀጭ!

«ቁም» አለች ዶሪን። ምስሉ ቆመ።
«ይሄ ሰውዬ እስካሁን ባዶ ብረት ነው የተሸከመ?
የጎረሰ ከሆነም፣ ደህናዋን ጥይት
ተፍቶ ጥሏታል፤ ምንጣፉ ላይ ፈልጋት።
ጣቱንስ አየህ? ቃታው ላይ ነው ያደረ፤
እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጣት ከነባለቤቱ ተባረረ።
ጓደኛው ከአፈሙዙ ፊት ፊት ነው የሚሄደው፤
ከወንበዴው በፊት የሚገድለው ይሄ ሰውዬ ነው።
አሥራ ዘጠኝ ጊዜ ተኮሰ፤ ቆጠርኩት፤
በማታው ቢራ ቤት ሲስቅ አገኘሁት።
ሽጉጡን ማን ወሰደው? ማን ተቀበለ ቃሉን?
ማን አሸገው በፌስታል ሸሚዙን፣ ጓንቱን?»

እኔ ሳቅኩ። ዳይሬክተሩ ጋሬት አልሳቀም።
«እውነትሽን ነው፤ ግን ተመልካች አይጠብቅም።
ቀጭ የሌለው ሽጉጥ ጥርስ የሌለው ውሻ፤
ሰው የሚፈራው በጆሮው ነው፣ መጀመሪያም መጨረሻ።»
ስልኩ ጠራ፤ ወጣ።

«የእውነቱስ?» አልኳት። «ምን ይመስላል ድምፁ?»
መቀርቀሪያዬን አነሣች፤ ጣቶቿ ዳሰሱ።

«በሃያ ስድስት ዓመት አንዴ ብቻ ተኮስኩ።
ሴልከርክ ጎዳና፣ በጥር፣ ሦስተኛ ፎቅ ደረስኩ፤
አምፖሉ ይርገበገባል፤ ሰውዬው በቢላ መጣ።
ተኩሱን አልሰማሁትም።
ማንም አያምነኝም፤ አንተም አታምንም።
ያወቅኩት በእጄ ነው፣ አንጓዬን ሲነጥቀኝ፤
ከዚያ ዓለሙ ሁሉ ጥጥ ሆኖ ወደቀብኝ።
ጥጡ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይሰማል፦
ቀለሁ። ከደረጃ ደረጃ ይንከባለል ይዟል፣
ቅጭል… ቅጭል…
እንደማይቸኩል ሳንቲም።
ታች፣ አንድ ሕፃን በፒጃማው በሩን ከፍቶ
አነሣው። ይፈጃል ልለው ብል ድምፄ ጠፍቶ…»

«ሰውዬውስ?»

«ከአራት እርምጃ ሳትኩት።
ግድግዳውን ነው የመታሁት።
እስከ ዛሬ የማመሰግንበት ስህተት እሱ ነው።
ለጋሬት እንዳትነግረው።»

ማታ፣ ሰው ሲያልቅ፣ ማይኩን ከደረጃው ሥር አኖርኩ፤
ሳንቲም ጣልኩ፤ ቀለለብኝ። ቁልፍ ጣልኩ፤ አልወደድኩ።
በመጨረሻ፣ አክስቴ ስትሰፋ የምታጠልቀውን
የናስ ጣት ቆብ ለቀቅኩት። ደረጃውን
ወረደ እንደ ነገረችኝ፣ ሳይቸኩል፣
ቅጭል… ቅጭል…
ከታች ዞሮ ዞሮ ጸጥ እስኪል።

ጋሬት ሰማው። «ያምራል፤ ምንድነው የወደቀው?»
«ቀለህ» አልኩት። «ሳንቲም ነው የሚመስለው።
አውጣው፤ ቀጩን መልስ።»
መለስኩ።
የቤት ኪራይ አለብኝ፤ መለስኩ።

ፊልሙ ኅዳር ላይ ወጣ። ዶሪን ደወለች።
«በደህናው ጆሮዬ ሰማሁት ቀጩን» አለች፤
ትንሽ ስለ በረዶው አወራች፤ ዘጋች።

መቀርቀሪያውን ዘይት ቀባሁት ያን ዕለት።
ሐሙስ ሌላ ፊልም አለ፣ ስድስት ፖሊስ ያለበት።