የስድስተኛው ወር ሪፖርት

ለተከበረው የድጎማ ኮሚቴ፦

ገንዘቡ ደርሶኛል፣ ምስጋና ይድረሳችሁ፤
ቅጹንም ሞላሁት እንደ ጠየቃችሁ።
ስም፦ ዋራ ቾኬ። ዕድሜ፦ ሃያ ዘጠኝ።
ቦታ፦ ኤል አልቶ፣ የተወለድኩበት፣ ውርጩ የማይገርመኝ።
ርዕስ፦ ዐሥራ ዘጠኝ ቃል ነበረው፤ አሳጠርኩት፤
«እናትና ልጅ ሲመቱ፣ ማን ጻፈው? በምን ጻፈው?» አልኩት።

በዕቅዴ ላይ የነበረው፦ መቶ ሃያ ሴቶች፣ ሠላሳ ጥያቄ።
የሆነው ግን ሌላ ነው፤ በሐምሌ ውርጭ ማለዳ፣ ጓንቴን አጥልቄ፣
ከአውሮፕላን ማረፊያው ጀርባ ካለው ፖሊስ ጣቢያ ገባሁ፤
«መዝገቡን ላንብብ» ስል ፈቃዴን ዘረጋሁ።
ሃምሳ አለቃ ኤውሴቢዮ ሻዩን እያማሰለ፣
ማኅተሙን አየው፣ ፊርማውን አየው፣ «ምሁር ነሽ?» አለ።
«ገና ነኝ» አልኩት። ሳቀ። ሰውየው አልከፋ፣
ሦስት መዝገብ ጎትቶ ጠረጴዛው ላይ ደፋ።

ሁሉም በእርሳስ። «ለምን?» ብለው ምንም ሳይደበቅ፣
«ማግስቱን ይመጣሉ» አለኝ፤ «ባል ከበር ቆሞ፣ እሷ ስትል ‹ፋቅ፣
ልጆቼ ይራባሉ፣ ስሙን ከዚህ ፋቅ!›
በስክሪብቶ ቢሆን ገጹ ይቀደዳል፤
ገጽ ከተቀደደ አዛዡ ይቆጣል።»

ስለዚህ ላጲስ አለ፤
ሰው እንዳይወስደው ከጠረጴዛው እግር እንደ ፍየል የታሰረ፣
ሲፍቅ ሲፍቅ ኖሮ የአውራ ጣት ጥፍር ያህል የቀረ።

እዚህ ላይ ዘዴዬን ቀየርኩ፣ እናንተን ሳልጠይቅ።
ጥቁረቱ እንጂ ጫናው ከወረቀት አይፋቅ።
መብራቴን በጎን አጋድሜ፣ ገጹን ወደ ዓይኔ አቅርቤ፣
እንደ ዓይነ ስውር ጣቴን ልኬ፣ ጎድጓዳውን አንብቤ፣
ከጥላ ውስጥ ፊደል፣ ከፊደል ውስጥ ሰው አወጣሁ፤
በቀን አራት፣ በቀን አምስት፤ ሰባት የደረሱ ዕለት ሳልናገር ተነሥቼ ወጣሁ።
ኢሊማኒ ተራራ ከሩቅ ነጭቶ ቆሟል፤ ፊቴን አዞርኩበት፤
ነጭ ነገር ሁሉ ያን ዕለት የሆነ ሰው የፋቀው መሰለኝ፣ ጠረጠርኩት።

«በድስት ክዳን።» «በቀበቶ፣ በዘለበቱ በኩል።»
«ልጁ፣ ስድስት ዓመት፣ መሐል ገብቶ ክንዱ ተሰበረ» ይላል፣
ከዚያ ላጲስ።
ከዚያ በላዩ ላይ የሌላ ሰው ብስክሌት መሰረቁ ተጽፏል።

አማካሪዬ ዶክተር ኢሌአና ከታች ከላ ፓዝ ደውላ፣
«ቁጥሩ ስንት ደረሰ?» አለችኝ፣ ሰላምታዋን አቻኩላ።
በሠንጠረዡ «የተፋቀ» የሚል ዓምድ የለም፤
«መረጃ የለም» ልበል እንዴ? ውሸት ነው፤ አልፈርምም።

በአካል ያናገርኳቸው ዐሥራ አንድ ብቻ ናቸው፤
ስማቸውን አትጠይቁኝ፣ ቃል ገብቼላቸው።
አንዷን ሳቱርኒና እንበላት፣ ስሟን ቀይሬ፤
ደረቅ ድንች ትሸጣለች፣ ከገመድ ባቡሩ ሥር፤ አብሬያት ተቀመጥኩ፣ መቅረጫዬን ከጆንያዋ አኑሬ።

«ለስንት ጊዜ ይከፍሉሻል?» አለችኝ ቀድማ።
«ለአንድ ዓመት።»
«እኔ ዐሥራ ሦስት ዓመት አጥንቼዋለሁ» አለች፣ «ያለ ደሞዝ፣ ያለ ፊርማ።»

ስለ እርሳሱ ነገርኳት፤ አልደብቅም፣ በኩራት።
«በስክሪብቶ ይጻፍ ብዬ ልሞግት ነው» አልኳት።
ድንቿን ስትመርጥ ቆየች።
«በስክሪብቶ ቢሆን ኖሮ መች እሄድ ነበር?» አለች።
«የሚፋቅ መሆኑ ነው እግሬን ያነቃነቀው፤
ሰው በር ደፍሮ የሚገባው መውጫውን ሲያውቀው።»

መላ ምቴ እዚያው ከድንቿ ጋር ተሰፈረ፤
በ«ልዩ ልዩ ወጪ» የገዛሁት አንድ ካርቶን ስክሪብቶም እንደ ታሸገ ቀረ።

ልጇ አጠገባችን ነበር። (ክንዱን አላየሁም። አልጠየቅኩም።)
መቅረጫዬን አንሥቶ፣ ቀይዋን መብራት በጣቱ ሸፍኖ፣ ገልጦ፣
«ይሄስ ይፋቃል?» አለኝ አፍጥጦ።

«አይፋቅም» ልለው አፌን ከፈትኩ፤
ከእናንተ ጋር የተፈራረምነውን ውል አሰብኩ፣
ዘጠነኛው አንቀጽ፦ «ጥናቱ ሲያበቃ ድምፁ ይደመሰሳል፣
ለተጠኚዎች ደኅንነት ሲባል።»

ልክ ነው። እኔም ፈርሜበታለሁ።
ልጁ ግን መልስ ይጠብቃል፤ ሐሙስ እመለሳለሁ።

አባሪ፦ የወጪ ደረሰኝ፣ ሦስት ገጽ።