አንዱ እጅ ኪስ ይግባ

ማስታወቂያው ወጣ፣ ከመብራት ኃይል በር ላይ፣
የመሐል ሜዳን ውርጭ፣ ገና ሳይሰብር ፀሐይ፦
‹‹የብቃት ወረቀት፣ ፈቃድ ላልያዘ ሰው፣
ከእንግዲህ የቤት ሽቦ፣ መዘርጋት ክልክል ነው።››

ጋሽ ሸዋንግዛው መጣ፣ ጠጋ ብሎ አነበበ፤
አንገቱን አቀና፤ ጥቂት አሰበ።
ሰው ብዕር በሚሰካበት፣ በደረት ኪሱ ላይ
ካቻቢቴው አለ፣ ቢጫ እጀታ፣ ከሩቅ የሚታይ።
‹‹ይሄ ማንን ይሆን?›› ብሎ ዞር ሲልብን፣
ሁላችን እንዳልሰማ፣ አየን ጫማችንን።

የዚህ ከተማ መብራት፣ እኩሉ የእጁ ነው።
የማን ቤት ፊውዝ፣ ስንት ቀን እንደቀረው
በድምፁ ይለያል፣ በግድግዳው ሽታ።
ገብስ ተከፍሎታል፣ ጠቦት ለውለታ፣
ካንዳንዱ ቤት ደግሞ፣ ‹‹እግዜር ይስጥልኝ›› ብቻ፤
የድንጋይ ግንብ ሲበሳ፣ አልነበረው አቻ።

በአሥራ አራት ዓመቴ፣ መሰላል ያዝኩለት፤
ናስትሮ አቀበልኩት፣ ፒንሳ አቀበልኩት።
‹‹ብርቄ፣ ስሚኝማ፣ ሽቦ ስትነኪ
ግራሽን ኪስ ክተቺ፣ በቀኝሽ ሥሪ።
ሁለት እጅ ካገኘ፣ በልብ ያልፋል ባንዴ፤
አንዱ እጅ ኪስ ይግባ። ሰማሽኝ ወይ ሆዴ?››
ኪስ ያለው ቀሚስ ግን፣ ያኔ አልነበረኝም፤
እናቴ ሰፋችልኝ። ለምን እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ኋላ ደብረ ብርሃን፣ ኮሌጅ፣ ሁለት ዓመት፤
ወረቀት ይዤ መጣሁ፣ ፎቶዬ ያለበት።
እሱ የሚያውቀውን፣ በሌላ ስም ተማርኩ፤
እሱ ያላወቀውን፣ አንድ ነገር ጨመርኩ፦
የምድር ሽቦ።

ማስታወቂያው በወጣ፣ በሦስተኛው ማታ፣
ሳል ቀድሞት መጣና፣ በራችንን መታ።
‹‹እኔ ልሥራ፣›› አለኝ፣ ‹‹አንቺ ፈርሚልኝ፤
ስሙ ላንቺ ይሁን፣ ሥራውን ተዪልኝ።››
እምቢ ማለት ከብዶኝ፣ እሺ ማለት ፈርቼ፣
‹‹መጀመሪያ ልየው›› አልኩ፣ መሰላል አንሥቼ።

የወይዘሮ አመተማርያም፣ ኮርኒስ ውስጥ ገባሁ፤
በባትሪ ብርሃን፣ የእጁን ጽሑፍ አየሁ፦
ሽቦው ቀጥ ብሎ፣ ሚስማሩ በልኩ፣
ዳንቴል ነው መልኩ።
ከጥጉ ስደርስ ግን፣ ከመገጣጠሚያው፣
ፌስታል ነው የታሠረው፣ የጧፍ ሰም ማሸጊያው።
አጠገቡ ያለው ማገር፣ ጫፉ ጠቁሯል፣
ምላስ የሚያህል ቦታ። እሳቱ ቀምሶታል፤
አልጣመውም፤ ሄዷል።

ከታች ወይዘሮዋ፣ ባና ለብሰው ቆመው፣
‹‹ሃያ ዓመት በርቷል፤ ዛሬ ምን አገኘው?››
ወረድኩኝ። ‹‹አልፈርምም፣›› አልኩት፣ ‹‹ጋሽ ሸዋንግዛው።››
ከስድብ ይከፋ ነበር፣ የሱ ዝምታው።

ይቆጣ መስሎኝ ነበር። ካቻቢቴው ከሚሰካበት
የታጠፈ ደብተር አወጣ፣ ከጀርባው ማባዣ ያለበት።
‹‹ናስትሮ በጠፋ ጊዜ፣ መንገድ ሲዘጋ ያሠርኩት
ሁሉም እዚህ አለ፤ አንድም አልረሳሁት።
ተመልሼ ላስተካክል ብዬ፣ አልሆነልኝም፤
ነፋስ በነፈሰ ሌሊት፣ እንቅልፍ የለኝም።››

አርባ ሦስት ቤት ነው። ስሙ፣ ጥጉ፣ ክፍሉ።
‹‹ጓዳ፤ ከበሩ ቀኝ።›› ‹‹ሳሎን፤ ጊዮርጊስ ሥዕሉ።››
ከሁሉ በታች፣ በቀይ፦ ‹‹የራሴ ቤት፤
አልጋው ራስጌ፣ ከሚስማሩ አናት።››

በማግሥቱ ማለዳ፣ ከቁጥር አንድ ጀመርን፤
እኔ ላይ፣ እሱ ታች፣ ቦታ ተለዋወጥን።
ሽቦ ሊነካ አይችልም፤ ሕጉ እንደዚያ ይላል፤
መሰላል መያዝ ግን፣ ማን ይከለክላል?

አሥራ ሁለቱ አለቀ። ሠላሳ አንዱ ቀርቷል።
ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ማን ቤቱ ይገኛል?
የራሱን ቤት ሳነሣ፣ ‹‹የኔ ይቆይ›› ይላል።

ቅጹ ላይ ‹ባለሙያ›፣ የምትል መስመር ናት፤
መሰላል ለያዘ፣ ትርፍ ቦታ የላት።
በቀኜ ፈረምኩኝ። ‹‹ግራሽስ?›› አላለኝም፤
ኪሴ ውስጥ መሆኑን፣ ማየት አላሻውም።